የማትጠጣው መኪናዬ ጥፋት

ይድረስ በሱዳን በዶካና ገላባት መስመር የሐበሻ ሾፌሮች ማኅበር የነዳጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ለሆኑት ለተከበሩ አቶ ቱርካ፤

ክቡርነትዎ በዚህ ሐሩር እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎንም፣ ወረፋ አይቶ የማያውቀውን ቤንዚንዎንም ፈጣሪ ይጠብቅልዎ። እኔ በኮሚቴዎ ቸርነት ደህና ነኝ፤ መኪናዬን በማኅበሩ ግቢ፣ በሖሹ፣ ካሰሩልኝ ከአሥራ አንድ ቀን ወዲህ በእግሬ ስለምሄድ ቦርጬ ቀንሷል።

እንደሚያውቁት አሮጌ ፒክአፔን፣ ቦክሴን፣ ሸጬ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ገዛሁ። በዚሁ ምክንያት የፊታችን ሐሙስ ጉባኤው ከማኅበሩ ልሰረዝ አልሰረዝ ይወስናል፤ ከተሰረዝሁ በዚህ መስመር ሰው መጫን አልችልም፣ ሌላ ሙያም የለኝም። ስለዚህ ጥፋቶቼን ከነምስጋናቸው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ነዳጅ አለመውሰዴ። ሌላው አባል በየሳምንቱ ሲቀዳ እኔ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ማለቴን ኮሚቴዎ በንቃት ተከታትሎ፣ የጎደለኝን በጀሪካን ከድንበር በሚገባ የኮንትሮባንድ ቤንዚን እንደምሞላ ደምድሟል። ሁለት ጊዜ የተሰለፈ በማይቀጣበት ማኅበር ከወረፋ የቀረ መቀጣቱ ትልቅ የአሠራር መሻሻል ነውና አመሰግናለሁ።

፪. መኪናዬ አለመጮኋ። ቀስ ስትል በባትሪ ስለምትሄድ ድምፅ የላትም። የበር ተቆጣጣሪዎ እስማኤል «ጋረደው፣ ሞተርህን ማን ወሰደብህ? ወይስ ሬሳ ነው የምትነዳ?» እያለ ሰልፈኛውን ማሳቁን አልተቀየምሁም፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ማስነሻዋን ተጭኜ ድምፅ ባጣ፣ ደጋግሜ እየተጫንሁ ሳስነሳና ሳጠፋት አርፍጃለሁ። ሻይ የምትሸጠው ጎረቤቴ ወርቂ «ያቺን አረንጓዴ መብራት እያት እንጂ፣ ተነሥታልሃለች እኮ» ባትለኝ ኖሮ እዚያው በመሸብኝ።

፫. ፍሬን ስይዝ ባትሪዋ እንደሚሞላ ማስረዳቴ። በስክሪኗ ላይ ቀስቱ ከጎማ ወደ ባትሪ ሲሄድ በትሕትና ባሳይዎ፣ በቃለ ጉባኤው «ተጠርጣሪው ከጎማ ነዳጅ እንደሚቀዳ አምኗል» ተብሎ ሰፈረ። ቃሌ እንዲህ አምሮ ተጽፎ አያውቅም።

፬. ድብቅ ታንክ አለመደበቄ። የኋላ ወንበሯን ነቅላችሁ ባትሪውን ብታገኙ፣ ታንክ ነው ብላችሁ ማኅተም አደረጋችሁበት። እስማኤል በባትሪው መተንፈሻ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ቤንዚን አይሸትም ቢል፣ ኮሚቴው «ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው» አለ። ያቺን መተንፈሻ እኔም ያወቅኋት በሰሊጥ ጆንያ ደፍኛት ባትሪው ቢግል መኪናዋ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስታሰማኝ ነው፤ ስለዚህ አለማወቅን ለኮሚቴው ብቻ አልተውም።

የኮሚቴዎን ጥበብ ፀሐይ ላይ ቆሜ የማደንቅ፣ ማኅተምዎን ሳይ ጫማዬን ለማውለቅ የሚቃጣኝ፣ እግረኛው የማኅበርዎ ሾፌር፣
ጋረደው
ከዶካ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት መዝገብ ያዧ ወይዘሮ ያለምወርቅ ጃንጥላዬን ላወጣ አስገብተውኝ፣ በመለዋወጫ ቁልፌ መኪናዋን አስነሥቼ ነበር። የየቀኑን ጉዞዋን በስክሪኗ ላይ መዝግባ እንደምታስቀምጥ ለኮሚቴው ሳልገልጽ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ታስራ በቆየችባቸው አሥራ አንድ ቀናት አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ የሾፌሩም ወንበር ከእኔ ለሰፋ ሆድ ወደ ኋላ ተስቧል። ሞልቼ ያስረከብሁት ታንክ ግን ገና ከግማሽ በላይ ነው። ስክሪኗን ፎቶ አንስቻለሁ። ዋናው ቁልፍ ከኪስዎ ስለማይወጣ፣ ያለ ድብቅ ታንክ ይህን ያህል መሄዷን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ ሾፌር የለምና፣ ሐሙስ ዕለት ምስክሬ አድርጌ ጠርቼዎታለሁ።