ለጓደኛዬ የጠየቅሁት መድኃኒት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማናየሽ። ሐዋሳ ሥራውም አገሩም እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ጽሕፈቴ ቢወላገድብሽ የዳንግላ ብርድ ነው በይ።

ሰሞኑን የሰፋሁትን ነጭ ጋውን ለማድረስ በሚኒባስ እንጅባራ ሄጄ ነበር። ያዘዘችኝ የመድኃኒት ተመራማሪዋ ዶክተር ዮርዳኖስ ናት። ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ የሚመጣላትን ቅጠልና ሥር አድርቃ ትፈጫለች፤ በውስጡ ያለውን ለይታ የነርቭ ሕመም ባለባቸው አይጦች ላይ ትሞክራለች። አንዷ አይጥ እየተንቀጠቀጠች ስትንፏቀቅ፣ መድኃኒቱን የወሰደችው ደግሞ ቀጥ ብላ ስትሄድ በዓይኔ አየሁ። ዕድሜዬን በመርፌ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ትዕግሥት አላየሁም።

«እጁ የሚንቀጠቀጥ ጓደኛ አለኝ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶታል። ከዚህ ትንሽ ቆንጥረሽ ብትሰጪኝስ?» አልኋት።

እጄን አየት አደረገች። ከዚያ፣ «ጋሼ ሽባባው፣ ይህ ለሰው ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም። ያላወቅሁትን ለጓደኛዎ አልሰጥም። ሐኪም ቤት ግን የተፈተነ መድኃኒት አለ። ይምጡ፤ እኔው አብሬ እገባለሁ» አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቆንጥሮ ይሸጥልኝ ነበር። ይህችን ልጅ የወለደች እናት ትባረክ።

ይህን ነገር ለእናትሽ አላነሳሁላትም፤ አንቺም በስልክ አታንሺላት። ጓደኛዬ ማክሰኞ እሄዳለሁ ብሏል፤ እኔም አብሬው ነኝ።

ባለሽበት ጤናና ሰላም አይለዩሽ።

አባትሽ ሽባባው