የእማዬ ወገብና ያንተ ማሽን

ውድ ወንድሜ ነህምያ፣

እንዴት አደርክ? ወፍራሙን ካልሲህን አድርጌ ነው ትምህርት ቤት የመጣሁት፤ እንዳትቆጣ። በእንግሊዝኛ ብጽፍልህ ደግሞ «ቋንቋህ የት ሄደ?» ስለምትለኝ ስሕተቴን ችለህ አንብበው።

አንተን ከነጠቀን የመኪና አደጋ በኋላ ቤታችን ለቀስተኛ ጠፍቶበት አያውቅም ነበር። እማዬ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣ ትውላለች። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የተጎዳው ወገቧ እንዲህ መቀመጥ እንደማይችል አንተ ታውቃለህ፤ እኔም አውቃለሁ። ሰው ግን ስታቃስት ባየ ቁጥር «ሐዘኑ ነው» እያለ ያባብላታል።

አንድ ቀን አክስታችን ትርሲት ያቺን ትንሽ የኤሌክትሪክ የወገብ ማከሚያ ማሽንህን ከነሽቦዋ ከመሳቢያህ አወጣቻት። ሰው በተሰበሰበበት «ኪራ፣ ነህምያ ለእናትህ ያደርግላት የነበረውን ታውቅበታለህ?» አለችኝ። የኳስ ቡድናችን ልጆች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ዮርዲ ቀና ብሎ አየኝ።

«አላውቅበትም» አልኩ።

ዋሸሁ። እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ባለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስትጀምር፣ እኔ እንድተካህ ሁሉንም አሳይተኸኝ ነበር። ቆዳው ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ማሽኑ ሳይበራ የሽቦዎቹን ጫፍ ተለጣፊዎች ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ ለጥፍ። ከዜሮ ጀምሮ ቀስ እያሉ፣ ንዝረቱ እስኪሰማት እንጂ እስኪያማት አይደለም። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ስታመጣ አትግፋ፣ ትንፋሿን እስክታወጣ ጠብቅ፤ ሰውነት ካላመነህ አይለቅም አልከኝ። ሁሉንም ይዤዋለሁ። የእማዬን ጀርባ ገልጬ ለመንካት ግን አፈርኩ። ግድግዳውን ተደግፌ «እኔ አልነካም» ስልህ ሳቅክብኝ።

«አንተ ልጅ፣ እሷ ስታጥብህ አፍራ ታውቃለች?» አልከኝ።

እኔም አብሬህ ሳቅኩ እንጂ እጄን አልዘረጋሁም። ጨዋታ ሲደርስ ግን የጭኔን ጀርባ አፍታታልኝ ብዬ ፊትህ ለመጋደም አላፍርም ነበር።

እማዬም ማሽኑን ስታይ «ልጄ አፈር ገብቶ እኔ ወገቤን ልታከም? ነውር ነው» ብላ ወደ መሳቢያው አስመለሰችው። እፎይ አልኩ። እምቢታዋ ውሸቴን የሸፈነልኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ከፍራሹ ለማስነሣት ሰዎች ብብቷን ሲይዟት ባየሁ ቁጥር ክፍላችን ገብቼ በር እዘጋለሁ።

ትናንት ትርሲትም ሄርንደን ወዳለው ቤቷ ተመለሰች። ዛሬ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የነበርነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። ከክፍሌ ስወጣ እማዬ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄደች ነበር፤ መሄድም መመለስም አቅቷታል። አልጠራችኝም። የሚያየን ሰው የለም፣ እንዲያም ሆኖ ፊቴ ጋለ።

«እማ፣ ማሽኑን አውቅበታለሁ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ ዞር ሳትል። «ግድግዳው ጋ ቆመህ ስታይ አላይህም ነበር?»

ደግፌ ወስጄ አልጋዋ ላይ በሆዷ አስተኛኋት። ጀርባዋ ላይ የነበረውን ቫዝሊን በፎጣ ጠረግኩ። አንዱ ተለጣፊ ተጣመመብኝና አንሥቼ ደገምኩት። «እጅህ ይቀዘቅዛል» አለችኝ፤ ይቅርታ አልኳት። ማሽኑን አብርቼ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት።

ከዚያ «ትንሽ ጨምር» አለች።

ነህምያ፣ ለማንም የማልናገረው ይህን ነው። ደስ አለኝ። አንተን ትልህ የነበረውን እኔን ስላለችኝ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቦታህን የሰረቅኩብህ መሰለኝና አለቀስኩ። እማዬ ሰምታኛለች፤ ግን እንዳላፍር ነው መሰለኝ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

ሲበቃት ማሽኑን አጥፍቼ በጀርባዋ አስተኛኋትና ጉልበቷን ያዝኩ። አልገፋሁም። መጀመሪያ እግሯ ግትር ነበር። ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ እጄ ላይ ከበደኝ፤ ራሷን ለቀቀችልኝ። ሌላውንም እግሯን እንዲሁ አደረግኩላት። ከዚያ ቀስ ብላ ተነሥታ፣ ትንሽ ጎንበስ እንዳለች፣ ምንም ሳትይዝ መታጠቢያ ቤት ገባች። የውሃውን ድምፅ እስክሰማ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት።

ነገም ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ሳትጠራኝ እሄድላታለሁ።

ታናሽህ ኪራኮስ
ሲልቨር ስፕሪንግ