የበቅሎዋ አቤቱታ

ኅዳር 5፣ 1974፣ ቅዳሜ
ገበያው አፍ ላይ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። "ማመልከቻ እንጽፋለን" የሚል ካርቶን ሰቀልኩ። እንጽፋለን... እኔና ማን? ቀኑን ሙሉ የመጣችው ደንበኛ አንዲት ዶሮ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ ወጥታ ማኅተሟን አድርጋ ሄደች።
አባባ እራት ላይ፦ "ሠርኬ፣ ጊዜሽ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ነው። ካልሆነልሽ ጉና፣ አጎትሽ ዘንድ ወጥተሽ ድንች ትኮተኩቻለሽ።"
አሥረኛ ክፍል የጨረስኩት ለድንች!

ኅዳር 12
ሁለት ሰው መጣ። አንዱ ሰዓት ጠየቀኝ። ሌላው አለቃ አስረስ የት እንደሚቀመጡ። ፊት ለፊቴ ነዋ! አርባ ዓመት ማመልከቻ የጻፉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ጢማቸው ደረታቸው የደረሰ።
አጠገቤ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡት እማማ ብዙነሽ ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ማመልከቻ ጢም ይፈልጋል!"
ቤት ገብቼ አገጬን በመስታወት አየሁ። ተስፋ የለውም።

ኅዳር 19
ሰው እንዲመጣልኝ አንድ የበቅሎ አቤቱታ ከራሴ ፈጠርኩ፤ ወንበሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩ። "ከሳሽ፦ ዳማ በቅሎ። ተከሳሽ፦ ጌታዋ አያሌው። ክቡር ዳኛ ሆይ፣ እኚህን ወፍራም ሰውዬ ተሸክሜ ጉናን ስወጣ..." ሰባት ሰው ቆመ። ወሬው ሲጥም አቆምኩ። "የተከሳሽ መልስ ለቅዳሜ ተቀጥሯል!" ሰደቡኝ። ጥሩ ምልክት ነው... አይደል?

ታኅሣሥ 17
አድማጮቼ ሠላሳ ይሆናሉ። ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፍለው ይሟገታሉ። ከእነሱ አንዱ፣ አያ ወርቁ፣ ብድግ ብለው፦ "ለበቅሎዋ እኔ ዋስ እሆናለሁ! የገበሬ ማኅበር አባል ነኝ!" ለሌለች በቅሎ!
ማንም ግን አላጻፈኝም። የእማማ ብዙነሽን ሽንኩርት ገዝተው ጨርሰው ሄዱ። ለፍቼ ለፍቼ ለነጭ ሽንኩርት ገበያ አቆምኩ።

ጥር 15
አለቃ አስረስ ወንበራቸውን ይዘው መጡ! ሰምተው ሲያበቁ፦ "ልጄ፣ በቅሎሽ ምን እንዲደረግላት ነው የምትፈልገው?"
ወረቀቴን አገላበጥኩ፤ አልጻፍኩትም።
"አቤቱታ ማለት እሱ ነው። ሌላው ማስዋቢያ።"
ዘጠኝ ቅዳሜ ሙሉ ሳስለፈልፋት፣ ምን እንደምትሻ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

የካቲት 6
አባባ ዶማ አስለው በሩ ላይ አስደግፈዋል። አንድ ቅዳሜ ቀረኝ።

የካቲት 13
በቅሎዋ የምትሻውን ተናገረች። "ዳገት ላይ ይውረዱልኝ። ሌላ አልልም።" ፈረድኩላት። እልል አሉ። ከዚያ ሁሉም ሄደ። ወረቀቴን መሰብሰብ ጀመርኩ።
እማማ ብዙነሽ መጥተው ፊቴ ተቀመጡ።
"ጢሜ ገና አልበቀለም" አልኳቸው።
አልሳቁም። "ለበቅሎዋ እንደጻፍሽላት ለኔም ጻፊልኝ።"
ልጃቸው በላይነህ ከዘመተ ሦስት ዓመት። አንድ ደብዳቤ የለም። ሦስት ወር ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጬ... መቼ ጠየቅኋቸው?
"ምን ይደረግልዎ?"
አንድ ራስ ሽንኩርት ፈልፍለው ጨረሱ። "መልሱልኝ አልልም። አለ ወይም የለም ይበሉኝ።"
ሦስት መስመር ጻፍኩ። ቀልድ የለበትም። አነበብኩላቸው። በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ፊደል ራሳቸው ፈረሙ፤ የመጨረሻዋ "ሽ" ከወረቀቱ ልትወርድ ምንም አልቀራት።
ቀና ስል አያ ወርቁ ከኋላቸው ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ ሁለት ሴቶች። አባባ ጠረጴዛውን ሊወስዱ መጥተው ነበር... ዳር ቆመው አዩ፣ አዩና ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።
ቤት ስገባ ዶማው ከበሩ ተነሥቶ ጓዳ ገብቷል።