አራት ሆነን የሠራንባት ክፍል

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ መጻፍ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ስልክ አለ አይደል ትዪኝ ይሆናል። ስደውል ግን የእህትሽ ልጅ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች። ጠዋትም ተኝተሻል፣ ከሰዓትም ተኝተሻል። ቀን የምትተኚ ሰው እንዳልሆንሽ እሷም እኔም እናውቃለን፤ ፊት ለፊት ብንተያይ ሁለታችንም ሳቅ ያመልጠን ነበር። ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

የልብስ ፋብሪካው የተዘጋ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንሠራ አራታችን የእግዜር ሰላምታ እንኳ በቅጡ አንለዋወጥም ነበር። አንቺ ከቆራጮቹ ጋር፣ እኔ ከሰፊዎቹ መሐል፣ ተኳሹ በካውያው እንፋሎት ውስጥ፣ ዝምተኛዋ ደግሞ ከቁልፎቿ ጋር። ያሰባሰበን ፍቅር አልነበረም፤ ሥራ ማጣት ነው። ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየን፤ ከኛ በላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲጎትት የሚውል ሰው ነበረ፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አላወቅነውም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋነታችን ያስቅ ነበር። «መቀሱን ልውሰድ?» «ኧረ ውሰጂ፣ ምን ችግር አለው!» «መብራቱ ወዳንቺ ይዙር።» «የለም የለም፣ ላንቺ ይሁን።» ተኳሹ ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ ወደ ኮሪደር ይወጣ ነበር። መጀመሪያ አብረን የሳቅነው አከራያችን «አንተስ ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ የጠየቀችው ቀን ነው። ኮስተር ብሎ «ተኳሽ ነኝ» ሲላት ወደ በሩ አፈገፈገች። አንቺ ነሽ «ሸሚዝ ነው የሚተኩሰው እትዬ፣ አይዞሽ» ብለሽ ያረጋጋሻት። በዕድሜ የሚበልጥሽ እሱ ራሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ እታለም ይልሽ ጀመር።

ከዚያ ጨዋነቱ አለቀ፤ በመስኮቱ ምክንያት። እሱ ላብ በላብ ሆኖ ይከፍታል፣ ነፋሱ ገብቶ ያነጠፍሽውን ጨርቅ ይገለብጠዋል፣ ትዘጊያለሽ። ይከፍታል፣ ትዘጊያለሽ።

«ሰውዬ፣ ጨርቄን አታስበርረው!»

«እና እኔ ልቀቀል? ድንች ነኝ?»

«ድንች ይሻላል፣ ቢያንስ አፍ የለውም።»

ተኮራረፋችሁ። ኩርፊያ ደግሞ እንደ ጉንፋን ነው፣ ይጋባል። እኔ ላንቺ አድልቼ እሱን ዘጋሁት። አንቺን ራስሽንም ቢሆን ደፍሮ የሚያናግርሽ አልነበረም፤ ቱግ ትያለሻ። ዝምተኛዋም ድሮ የነበራትን ትንሽ ድምፅ ጭራሽ አጠፋችው። የነርሶች ማሠልጠኛው የነጫጭ ጋውን ሥራ የመጣልን በዚያ ሰሞን ነው።

ኪሱ በግራ ደረት በኩል መሆን ሲገባው ምልክቱን በቀኝ አደረግሽው። እኔ አየሁት። «ታውቅበታለች፣ ደግሞ አሁን ማን ይናገራታል» ብዬ ሰፋሁት። ተኳሹ አየው፤ ተኮሰው። ዝምተኛዋ አየችው፤ ቁልፉን ተክላ አጠፈችው። ማሠልጠኛው ስናደርሰው ተረካቢዋ አንዱን አንስታ አየች፣ ሌላውን አነሳች፣ ከዚያ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ተማሪዎቻችን ሁሉ ግራኝ ናቸው ያላችሁ ማነው?» አለችን።

ጋውኑን ሁሉ አቅፈን በታክሲ ተመለስን። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ኪስ መተርተር ጀመርን። መጀመሪያ የተናገረችው ዝምተኛዋ መሆኗ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«እኔ አይቼው ነበር» አለች፣ ከክሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ተኳሹ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም።»

«እኔም» አልኩ።

ልታብጂብን ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አንቺ ግን እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ከዚያ ተነስተሽ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ከፈትሽና «ከዛሬ ጀምሮ ያየ ሰው ይጮኻል፤ እኔም ብሆን ይጮህብኛል» አልሽ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት እንዴት ብዬ ልጻፋቸው? ክር ሊያልቅብኝ ሲል እጄን ዘርግቼ አገኘው ነበር፣ ማን እንዳቀበለኝ ሳላይ። አንቺ ጨርቅ ልታነጥፊ ስትይ ተኳሹ ሳይነገረው መስኮቱን ዘጋ ያደርጋል፤ አንጥፈሽ ስትጨርሺ ይከፍታል። ዝምተኛዋ ስትስቅ አፏን መሸፈን ተወች። ስንጣላም ጥሩ አድርገን ነበር የምንጣላው፤ ጮኸን፣ ጨርሰን፣ ወደ ሥራ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ የሚጠብቀኝ እንደሌለ ታውቂያለሽ፤ እሑድን እንዴት እንደማሳልፍ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ክፍሏን ላጽዳ ብዬ እሄድ ነበር። የሚጸዳ ነገር አልነበረም፣ ቅዳሜ አጽድተናት ነው የምንወጣው። ማሽኔ ላይ ቁጭ ብዬ የሦስታችሁን ወንበሮች እያየሁ እውላለሁ። ዘመዶቼን ቤታቸው ሄጄ እንዳጣኋቸው ሁሉ።

ከዚያ እጅሽ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እመኚኝ፣ አልተመካከርንም። እኔ ለብቻዬ ነው ያሰብኩት፤ በማለዳ እየገባሁ አንቺ ስትቆርጪ የተዛነፈውን ጠርዝ አስተካክል ነበር። ያን ቀን ያለወትሮሽ ቀድመሽ መጣሽና መቀስሽን እጄ ላይ አገኘሽው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልሽኝ።

ተኳሹ ከኋላሽ ገባ። ፊታችንን ሲያይ ገባውና «እኔም ያጠረውን በእንፋሎት ሳብ ሳብ አደርገዋለሁ፣ እታለም» አለ። ዝምተኛዋም ቁልፎቹን ትንሽ ፈቀቅ እያደረገች ትተክል እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። እኔም እነሱን፣ እነሱም እኔን በዚያች ደቂቃ ነው ያወቅነው።

«ሦስታችሁም? ያየ ይጮኻል ተባብለን አልነበር?» ድምፅሽ ቁጣ አልነበረበትም፤ ምነው በተቆጣሽ። ሹራብሽን ደርበሽ ወጣሽ። ደረጃውን ስትወርጂ እየሰማን ማናችንም ከቆምንበት አልተነቃነቅንም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የምጽፈው። ያ ቀን ቢመለስ ጠርዝሽን እንደገና አስተካክለዋለሁ። በዚህኛው ጊዜ ግን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ፣ «እሱን አይደለም፣ እዚያ ጋ» እያልሽኝ።

ካንቺ በኋላ ቆራጭ ቀጠርን። ጎበዝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ስሕተት የለበትም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር የሚውለው። እኛም እንደገና ጨዋ ሆንን፤ «ልውሰድ?» «ውሰጂ።» ማንም ማንንም አላስቀየመም፣ ማንም ማንንም አላሳቀም። ተኳሹ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሥራ አገኘ። ዝምተኛዋ አግብታ ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ሄደች፤ የስንብቷ ዕለት በዓመታት ያላወራችውን ሁሉ ስታወራ አመሸች፤ አብዛኛው ስላንቺ ነበር። ቆራጩም የተሻለ ሲያገኝ ሄደ።

አሁን እኔ ብቻ አለሁ። ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። «ነገ ይደርሳል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚመሽበት ቀን አለ። ማታ ደረጃውን ስወርድ ድምፄ እንዳለ ለማረጋገጥ ጎማ ጠጋኙን «ደህና እደር» እለዋለሁ፤ መዶሻው ስለሚጮህ አይሰማኝም።

ባለፈው ሐሙስ እናንተ ቤት መጥቼ ነበር። በግቢው በር ክፍተት አየሁሽ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሁለቱንም እጆችሽን ብብትሽ ውስጥ ሸጉጠሽ፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ ትመለከቻለሽ። እዚያ ተሰጥቶ የነበረው ሸሚዝ የአንገቱ ስፌት ጠማማ ነበር፤ አንቺም እሱን እያየሽ እንደነበር እምላለሁ። ደወሉ አጠገቤ ነበር። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ተመለስኩ።

አሁንም ምን እንደምልሽ አላወቅኩም። የሚቆረጥ ጨርቅ የለኝም፣ የመጣ ትልቅ ሥራም የለም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።

በመጪው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፤ ደወሉንም እጫነዋለሁ። ልብሽ ካልፈቀደ አትክፈቺልኝ፣ አልቀየምሽም። ትንሽ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚያ በሚቀጥለው ሐሙስም ደግሞ እመጣለሁ።

ያንቺው
ሰፊዋ