ስለ ሉሊት ሠርግና ስለ ጎደለችው ቅጠል

ለክቡር አቶ ምናለ
የልዩ ልዩ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ ተሻለው? አላህ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። ለሚሽከረከረው ወንበርዎም እንዲሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ያየሁት እሱን ብቻ ነውና። እኔ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ነሲባ ነኝ።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቁት ላስረዳ። የሐሙሱ የሬዲዮ ድራማ ባለፈው መስከረም ሲያልቅ፣ ሉሊት የምትባለዋን ልጅ ሻንጣዋን እንዳንጠለጠለች መናኸሪያ ላይ ጥሏት ነው ያለቀው። እጮኛዋ ሾፌሩ ጠልሐ ይምጣ ይቅር ሳናውቅ ሙዚቃ ገባ። ከተማው በሙሉ አኮረፈ። እኔም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ደንበኞቼ ተደርድረው ሲያዛጉ ባይ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር አወጣሁና ጠልሐን አመጣሁት። የዘገየው ጎማ ፈንድቶበት ነበር።

ከዚያ ወዲያ መብራት በጠፋ ቁጥር ደብተሩ ይወጣል፤ ያልጻፈበትም የለም። ቁርአን የሚያቀሩት ሼህ ጀላል፣ ወሊ ሆኖ የሚድራት ዘመድና ሁለት ምስክር ሳይኖር ኒካህ አይታሰርም ብለው ለሉሊት አንድ አጎት ከወግዲ አስመጡላት። መምህርት ብርሀንነሽ ደግሞ ሠርጉ በጾም ከዋለ እኔ ምን ልበላ ነው ብላ ተቆጣች፤ ስለዚህ ረመዳኑም ዓቢይ ጾሙም እስኪፈታ ሠርጉን አራዘምነው፤ ለድግሱም አንድ በሬ በእስላም፣ አንድ በሬ በክርስቲያን እንዲታረድ ወሰንን። በሌለ ሠርግ፣ በሌለ ሥጋ ይህን ያህል ስንጨቃጨቅ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። አልቋል የተባለን ታሪክ አላለቀም ብሎ መቀጠል ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የቀመሰ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ነው።

ከዚህ በታች ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ያለው ነገር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ደብተሩን «ያልተፈቀደ ተከታይ ታሪክ ነው፣ ይመረመራል» ብለው በብብትዎ ይዘው ሄዱ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማተሚያ ቀለም ጨርሶ ስለነበር፣ ደብተሩ መወረሱን የሚገልጸውን ደብዳቤ እንድተይብልዎ ወደ እኔው ላኩት። የራስን ንብረት መወረስ በራስ እጅ መተየብ ለማንም የማይገጥም ዕድል ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስቱን ስህተቶችዎንም አርሜልዎታለሁ።

ሁለተኛ፤ ምርመራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ደብተሩ ሲመለስ በየገጹ ማኅተም አርፎበታል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ዘጠኝ ገጽ ተጨምሮበታል። ለካ እርስዎም አላስችል ብሎዎት ኖሯል! በዚህ እንኳ ልወድዎት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አነበብኩት። እርስዎ በጻፉት ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ስለ አካባቢው አጠቃላይ ሁኔታ ማብራሪያ ትሰጣለች። ሙሽራው በቀጣዩ ሩብ ዓመት አንድ ልጅ ለመውለድ ማቀዱን ይገልጻል። ከዚያ «መልከ መልካሙና ታታሪው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ» የሚባል ሰው ከየት መጣ ሳይባል ተነሥቶ አራት ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ ሙሽራዋም በንግግሩ ተነክታ ታለቅሳለች። ክቡር ሆይ፣ በዘጠኝ ገጽ ሠርግ አንድ ሰው እንኳ አልበላም። ሁለቱ በሬዎቻችን የት እንደገቡ እስካሁን አልታወቀም።

ሦስተኛ፤ ገጽ ሠላሳ አንድ። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ። ከሱቄ ደጃፍ ጌሾ የሚሸጡትን እትዬ ይርገዱን ያውቋቸዋል። ልጃቸው አልታዬ የማትወደውን ሰው አግቢ ስትባል ተቀይማ ደሴ ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። የእናቷን ስልክ አታነሣም፤ የምትለኝ ካለ በጽሑፍ ትላክልኝ ብላ በሾፌር ልካባቸዋለች። እትዬ ይርገዱ መጻፍ አይችሉም፤ ጻፊልኝ ማለትም ያፍራሉ። አንድ ቀን ግን የሉሊት እናት ለሠርጉ ምን ትበል ስንባባል ሳይታሰብ መናገር ጀመሩ፤ እኔም ጻፍኩ። ገጹ ሲሞላ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ነበር። ለሉሊት እንዳልተናገሩ ማንም አልጠፋውም። ኮፒ አድርጌ ለአልታዬ ልልከው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ ነበር፣ ፎቶ እንዳናነሣው ስልካችንም ሞቶ ነበር፣ እርስዎም የመጡት ያንኑ ቀን ነው።

ያቺ ቅጠል ዛሬ የለችም። ደብተሩ ላይ በቀረው ሥሯ «ከዋናው ጭብጥ ጋር አግባብነት የሌለው» ብለው ጽፈው ገንጥለዋታል። እትዬ ይርገዱን እንደገና እንዲሉት ለመንኳቸው፤ «አንዴ ወጥቶልኛል ልጄ፣ ሁለተኛ አይወጣልኝም» አሉኝ። ከገጹ ሁላችንም የምናስታውሰው መጨረሻውን ብቻ ነው፦ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አውፍ በይኝ ልጄ፣ ቤቱ ያንቺ ነው።»

ስለዚህ ቅጠሏን ፈልገው እንዲመልሱ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዘጠኙን ገጽዎን በጥንቃቄ ገንጥዬ አስቀምጬልዎታለሁ፤ በፈለጉ ጊዜ ይውሰዷቸው፣ ቢቀሩም ማንም አይፈልጋቸውም።

ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ ስብሰባዎ የማያልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እርስዎ ባሉበት ከተማ በመኖሬ ዕድሌን ዘወትር የማስታውስ፣

ታዛዥዎ
ነሲባ

ግልባጭ፦
ለሼህ ጀላል
ለመምህርት ብርሀንነሽ
ለጽሕፈት ቤትዎ በር (ለመለጠፍ)
ለወይዘሪት አልታዬ፣ ደሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መብራት አለ፤ የአልታዬ ግልባጭም በማለዳው አውቶቡስ ተሳፍሯል። የእናቷ ቃል፣ የተረፈው ያህል፣ ሦስተኛ ቁጥር ላይ በጽሑፍ ሰፍሯል። ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከተከፈተ ወዲህ ስምዎ ያለበት ወረቀት ለሰው ሲጠቅም ይህ የመጀመሪያው ነው።