ለተዝካሬ ቶፓ አይገደል ያሉት አለቃ

አለቃ ሳይላስ ቲሞ ከአባታቸው ከአለቃ ጌሙ ቲሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ላሌ በሰሎሞን ደሴቶች፣ በሮቪያና፣ ኑሳ ቤቴ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። ታንኳ ላይ ነው የተወለዱት ይባላል፤ ውሸት ነው። ቤት ውስጥ መሆኑን አያቴ ወይዘሮ ላሌ ራሳቸው ለእኔ ለልጃቸው ለሳይላስ ልጅ ለሪና ነግረውኛል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አስተማሪያቸውን በቡጢ ስለመቱ ትምህርታቸው በዚሁ ተቋጨ። ከዚያም የደረቀ ኮኮናት በምትጭን መርከብ ላይ ለዓመታት አገለገሉ።

በ1974 አያቴ አለቃ ጌሙ አረፉ። በእኛ ዘንድ የአለቃ ተዝካር ያለ ቶፓ አይወጣም። ከሌላ ደሴት ለመጣችሁ እንግዶች፣ ቶፓ ከበቀቀን ዓሣ ወገን ትልቁ ነው። ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል፣ ግንባሩ ጉብ ያለ ነው፣ ሕያው ኮራል በመንቁሩ እየገመጠ ፈጭቶ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። የቆማችሁበት ነጭ አሸዋም ብዙው ከሆዱ የወጣ ነው፤ አትጸየፉት። ወንዶቹ ጎህ ሲቀድ ግንባር ለግንባር ይላተማሉ፤ ድምፁ ታንኳ ላይ ላለ ሰው ይሰማል። እንዲህ የሚዋጋ ፍጡር ጀንበር ስትጠልቅ ግን ከነመንጋው ጥልቀት በሌለው ውኃ ይተኛል፣ ቶሎም አይነቃም።

ለዚያ ተዝካር የመንደሩ ወንዶች የተኛውን መንጋ በሙሉ ጨረሱት። ግንባር ግንባሩን በዱላ ከፈለጡት መካከል ዋነኛው አባቴ ነበሩ። ውኃው ደም ሆነ፤ ሻርክ መጥቶ የአንዱን ወንድማቸውን ባት ቦጭቆ ሄደ። ከሥጋው የተበላው እኩሌታው ነው፣ የቀረው ገምቶ ለአሳማ ተጣለ። ቶፓ ዕድገቱ የዘገየ ነውና መንጋው እኔ ተወልጄ ለወግ ማዕረግ እስክበቃ ድረስ አልተመለሰም። ይህ ጸጸት አባቴን በላቸው።

በ1977 ከወይዘሮ ዶሪስ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። አለቃ ሲሆኑ የመጀመሪያ አዋጃቸው የቶፓ መኝታ ሆፔ እንዲሆን፣ ማለትም ማንም እንዳይነካው ነበር። አዋጁን ያስከበሩት በምክር ሳይሆን በመጥረቢያ ነው። ታንኳችሁ የተሰነጠቀባችሁ፣ ጥርሳችሁ የወለቀ እዚህ ተቀምጣችኋል። ጨካኝ ሽማግሌ ትሏቸው ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ እኛ ልጆቻቸውም ቀምሰናታል።

ባለፈው ዓመት የአጎቴ የአቶ ሃሮልድ ልጅ ኬሪ በሆፔው ውስጥ ሲያድን አባቴ ታንኳው ላይ ዘለው ወጡ። ሲተናነቁ ጦሩ ጭናቸው ውስጥ ገባ። አጎቴ አሳማ አርደው ይቅርታ ጠየቁ፣ ታረቁ። ቁስሉ ግን፣ የስኳር ሕመምም ነበረባቸውና፣ አልድን አለ። እግራቸው ተቆረጠ።

አጎቴ ሆስፒታል መጥተው፣ «አይዞህ ሳይላስ፣ እንደ አባታችን በቶፓ ነው የምንሸኝህ» አሏቸው።

«አንድ ቶፓ ብትነካ ወዮልህ። የቀረችኝን እግር ያስቀመጥኳት ለአንተ ነው።»

«ያለ ቶፓ የሚሸኝ አለቃ መጻተኛ ነው። ሰው ምን ይለናል?»

«ያለውን ይበል! ሥጋ ካማረህ አሳማህን እረድ።»

አለቃ ሳይላስ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ማለዳ ኬሪና ወንድሞቹ ባሕሩ ዳር ጦር ሲስሉ አገኘኋቸው። «የአባትሽን ክብር ነው የምንጠብቀው፣ እህቴ፣ አንቺ እንባሽን ጥረጊ» አሉኝ። የአባቴን መጥረቢያ አምጥቼ ታንኳዎቻቸውን ሰነጠቅሁ። ኬሪ ሊያስቆመኝ ሲሞክር ክንዱን በእጀታው ሰበርኩት። አጎቴ እየጮሁ መጡ። የልጃቸውን ክንድ አዩ፣ በእጄ ያለውን አዩ። ከዚያ አሳማቸውን ሊያርዱ ሄዱ።

አለቃ ሳይላስ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ሃሮልድንና ኬሪን ትተው አልፈዋል። በምድር ያላገኙትን ዕረፍት ፈጣሪ ለነፍሳቸው ይስጥልን። ተዝካራቸው በአሳማና በስኳር ድንች ይወጣል። መጻተኛ ናቸው የሚል ካለ መጥቶ ለእኔ ይንገረኝ።