ድልድዩን ማን አሻገረህ?

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እማዬን ስለጠረጠርኳት ነው። ምክንያቴን በመጀመሪያው መስመር ያሰፈርኩት አንተ ራስህ «ደብዳቤ ስትጽፊ ሰውን ደጅ አታስጠኚ» ትለኝ ስለነበር ነው። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተዋል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምለው አጥቼ ሳይሆን፣ ለማያነብ ሰው መጻፍ ራስን ማታለል መስሎ ስለታየኝ ነው። አሁን ግን ጥያቄዬን ሊመልሱ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛዋ አፏን ዘግታለች፣ ሁለተኛው አንተ ነህ።

አስቀድሜ የቤቱን ሁኔታ ልንገርህ። የሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማችን እንዳለ ነው፤ ሊፍቱ ዛሬም ይበላሻል፤ ጫማህን እማዬ ከበሩ ሥር አላነሳችውም። ዳዊት አርሊንግተን የተሻለ ሥራ አግኝቷል፤ ታናሼ መሆኑን ረስቶ የቤቱን ነገር ሁሉ እኔ ልወስን ማለት ጀምሯል። እኔ ኮሌጅ ፓርክ የመጨረሻ ዓመት ላይ ደርሻለሁ፤ «ይህችን ልጅ መጽሐፍ ይዟት ይጠፋል» ያልከው ገና አልተፈጸመም። እማዬ ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ጥቁር ለብሳ ቆየች፤ ከዚያም አወለቀች። ወጉ ነውና ማንም አልተናገራትም። ያስገረመን በዚያው ሳምንት የአርቪውን፣ የዚያን የጉዞ ቤት መኪናችሁን፣ ቁልፍ ከመሳቢያህ አውጥታ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ማሰሯ ነው። «ሰመር ሲገባ ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ» አለች። ዳዊት «በማን ሾፌርነት?» ሲላት «እሱ ያውቃል» ብላ ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀስራ ወደ ማድቤት ገባች።

እኛ የምናውቃት እማዬ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ አልፋ መሪ የማትይዝ፣ ከተማውን የሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ ቤልትዌይ፣ ሲነሳ ወሬ የምትቀይር ሴት ናት። ዳዊት «ሲሪየስሊ? ሃይዌይ ላይ መርጅ አድርጋ መግባት የምትፈራ ሰው፣ ያን የሚያህል አርቪ?» ብሎ ሲስቅባት አልተቆጣችም። መጀመሪያ ያስጠረጠረኝ ይህ ዝምታዋ ነው። እማዬ ስትነካ ዝም የምትል ሰው እንዳልሆነች አንተ ትመሰክራለህ።

አርቪው የመጣበትን ቀን መቼም አትረሳውም። አንተ ከታክሲ፣ እማዬ ከሆቴሉ ሥራ ጡረታ በወጣችሁ ዓመት፣ ያን አልጋና ማድቤት ያለውን አሮጌ መኪና ገዝተህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አቆምከው። ቄሱ ጎማውንና በሩን ባርከው ሊሄዱ ሲሉ፣ የውኃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተህ «አባቴ፣ ይህንንም» አልካቸው። ባረኩት፤ ሁላችንም አሜን አልን። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እማዬ በጠበል ሳህን አላጥብም፣ ሽንት ቤትማ እንዴት ተደርጎ ብላ በየነዳጅ ማደያው አስቆመችህ፤ ውቅያኖስ ዳር ሰንብታችሁ ውኃው አንድ ጭልፋ ሳይጎድልለት ተመለሳችሁ። የአሌክሳንድሪያው ወዳጅህ ጋሽ ታደሰ በየድግሱ «የወንድሜ ጠበል አራት ጎማ አለው፤ የታመመ በስልክ ይጥራው» እያሉ አሳቁብህ። አንተም አብረህ ሳቅክ። እኔ ያኔ ነገሩን የእምነት ጽናት አድርጌ ወሰድኩት። አሁን ግን ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፤ ዕድሜውን በታክሲ መሪ ላይ የፈጀ ሰው፣ ጎማው መባረኩ ሳይበቃው ያን ሁሉ ጠበል ጭኖ የሚጓዘው ምን ፈርቶ ነው?

ሦስት ሰመር ተጓዛችሁ። መንገዱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ኦሽን ሲቲ፣ ከዚያ የዱር ፈረሶች ወዳሉበት ደሴት፣ ከዚያ የዴላዌርን ዳርቻ ይዛችሁ ሽቅብ። ፈረሶቹ የእማዬን ድፎ ዳቦ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ሲሄዱ አንተ በመጥረጊያ ስትከተላቸው የሚያሳየውን ቪዲዮ ዛሬም አየዋለሁ። ከጀርባ የሚሰማው የእማዬ ድምፅ «ተዋቸው፣ ጾም ላይ አይደሉም!» ይላል። ፎቶግራፎቹንም ሰሞኑን አንድ በአንድ መረመርኳቸው። በአንዱም ውስጥ ፊትህ ወደ ውኃው አልዞረም። ወንበርህ ሁልጊዜ መኪናውን ያያል፤ ባሕሩ ከጀርባህ ነው። እማዬ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ማዕበሉ ውስጥ ቆማ ትስቃለች።

አንድ የስልክ ጥሪም አለ። በሁለተኛው ዓመት መንገድ ላይ ሳላችሁ ደውዬ የእማዬን ስልክ አንተ አነሳኸው። ድምፅህ ከትራስ ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። «እማዬስ?» ብልህ «ተኝታለች» አልከኝ። ከሥርህ ግን የጎማ ድምፅ ዱብ ዱብ ይላል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ ወዲያው ድምፅህ ተፈታና ስለ አየሩ ጥሩነት ታወራልኝ ጀመር። ቆማችሁ የመኪናውን በር ሰው የመታው መሰለኝ፤ ረሳሁትም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ከፋሲካ ወዲህ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ «ማኅበር አለብኝ» እያለች መጥፋት ጀመረች። ነጠላዋን ትለብሳለች፤ ከሥር ግን ስኒከር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከማኅበርተኞቿ አንዷ፣ እትዬ ብርሃኔ፣ ደውለው «ሂሊዬ፣ እናትሽን ምን ነካብን? ካየናት ቆየን እኮ!» አሉኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ስፕሪንግፊልድ፣ አርቪው በኪራይ ወደቆመበት ግቢ ሄድኩ። ጎማው አዲስ ጭቃ ይዟል። በመስኮቱ ስመለከት የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። አንተ በዚያ ወንበር ብትቀመጥ ጉልበትህ አገጭህን በነካ ነበር። ከወዳጆችህ መካከል ቁመቱ ለዚያ የሚስማማ አንድ ሰው አለ፤ «ሾፌር የሌለው መኪና ሲሄድ ካያችሁ ታደሰ ነው» እያልክ የምትቀልድባቸው ጋሽ ታደሰ። ሚስታቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልጽፍልህም። በማግሥቱ አሌክሳንድሪያ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ከእናቴ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚሄዱ በጨዋነት፣ ግን ሳላለሳልስ ጠየቅኋቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንቺ ልጅ! እኔ ነኝ ደግሞ ባል የምሆነው? ለራሴ ሻይ ማፍላት ያቃተኝ ሰው! አርቪ መንዳት አስተምረኝ ብላ ኮል አደረገችኝ፤ ለልጆቼ ሰርፕራይዝ ነው አለች» አሉኝ። ላመሰግናቸው ስነሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የጨመሩት ግን ሌላ ጥርጣሬ ጫነብኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሂሊዬ። በመጀመሪያው ቀን ያን ዝሆን ወደ ኋላ ባክ አድርጋ በሁለት መኪና መሃል ልክክ አደረገችው። አፌን ከፍቼ አየኋት። መገረሜን አይታ በሳምንቱ ሆን ብላ ከርብ ላይ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ወጣችልኝ።»

ስለዚህ እማዬ መንዳት አልተማረችም፤ እንደምትማር ታስመስላለች እንጂ። የሚችለውን እንደማይችል የሚያስመስል ሰው ምን ይደብቃል? ይህን ስጠይቅ ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ «እኔም ልምጣ» አልኳት። አየችኝ፤ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችና «ነይ» አለች። ጋሽ ታደሰ አጠገቧ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። ወንበሯ ላይ ያነጠፈችው ቀይ ትራስ የሶፋችን ነው፤ በመጀመሪያው የጉዞ ዓመት «የት እንደገባ እንጃ» ያለችን። አባዬ፣ በዚያ ዓመት አንተ ነበርክ፤ ጋሽ ታደሰ አልነበሩም።

አሌክሳንድሪያን አልፈን ፖቶማክን በሚሻገረው ድልድይ ላይ ወጣን። እስከዚያ ድረስ ፍሬን እያበዛች፣ «ኧረ መጣብኝ!» እያለች ትነዳ የነበረችው እማዬ ድንገት ጸጥ አለች። ትከሻዋ ወረደ፣ እጆቿ መሪው ላይ ረጉ፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ጎማው ዱብ ዱብ ይላል። ድልድዩ ሲያልቅ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ቀኝ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና ከወንበሯ ጀርባ ያለውን የእንጨት ቁም ሣጥን ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

ከኋላ አልጋው ላይ ማንም አልነበረም።

እማዬ እጇን መልሳ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። መኪናውን አቁማ ጋሽ ታደሰ ውኃ ሊገዙ ሲወርዱ ጠየቅኋት። «ለሞተ ሰው የማልኩትን አታስፈርሺኝ» አለችኝ። እኔም አላስጨነቅኋትም።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ማንም የነገረኝ ሳይሆን ራሴ የደረስኩበት ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅር በለኝ። ያን የቼሳፒክ ድልድይ አንተ አልነዳህበትም። ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ከፍለው በሌላ ሰው እጅ የሚሻገሩ አሉ። አንተ ከድልድዩ በፊት ከመሪው ትወርዳለህ፤ ኋላ አልጋው ላይ ፊትህን ሸፍነህ ትተኛለህ፤ እማዬ ቀይ ትራሷ ላይ ተቀምጣ ታሻግርሃለች። ሁለቱ ምት «ተሻገርን፣ ና ውጣ» ማለት ነው። ከዚያ መሪውን ትመልስልሃለች፤ ለእኛም የደፋሩ ሾፌር ጉዞ ይተረክልናል። ለማንም እንዳትናገር አስምለሃታል።

በፍርሃትህ አላፍርብህም። ያስከፋኝ ሌላ ነው። በየማዕዱ «እማዬና ቤልትዌይ» እያልን ስንቀልድ አንተም ትስቅ ነበር። እሷ ወጥ ታወጣልሃለች፤ አንተ ትስቃለህ።

የሚከብደኝ ጥርጣሬ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከሦስተኛው ጉዞ በተመለሳችሁ በወሩ ደረትህን አሞህ ድንገት ተለየኸን፤ ሐኪሙም ሕመሙ የሰነበተ መሆኑን ነገረን። እማዬ ስትሰማ አልደነገጠችም። ያኔ ሐዘን ያደነዘዛት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን መሐላው ድልድዩን ብቻ ይሸፍን እንደሆነ፣ ወይስ ሕመምህንም፣ አላውቅም። ይህን አልጠይቃትም። አንተንም አልጠይቅህም። አንድ ቀን ራሷ የምትነግረኝ ከሆነ አንገቷ ላይ እጠመጠማለሁ እንጂ ለምን ደበቅሽኝ አልላትም።

ዳዊት ለአርቪው ገዢ አግኝቷል። የገዛኸው በራስህና በእሱ ስም ስለሆነ መሸጥ ይችላል፤ ቀጠሮውም ለቡሄ ማግሥት ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም። እማዬ ከጋሽ ታደሰ መማሯን ብትነግረውም «ጥቂት ቅዳሜ ተምራ ያን ድልድይ? ኖ ዌይ!» አለ፤ ከዚያ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አንድ ወላጅ ቀብሯል፤ ሁለተኛዋን ፈርቷል። እማዬ ግን የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ መንገድ መጀመር ትፈልጋለች። «ሦስት ዓመት ነድቼዋለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ዳዊትን ዝም ታሰኛለች። ያችን እንዳትናገር አንተ ይዘሃታል። ጋሽ ታደሰን አስተማሪ ያደረገችውም ለዚህ ነው፤ ስምህ ሳይነካ፣ መሐላዋም ሳይፈርስ፣ መንዳት የቻለችበትን ምክንያት ለመፍጠር ስትል። የገዛ ችሎታዋን ከርብ ላይ አወጣችልህ።

አባዬ፣ የማስታውስህ ደፋሩን ሾፌር አድርጌ አይሆንም። ሚስቱ ባሕር ስለምትወድ፣ ሞቱን የሚያህል ድልድይ በየዓመቱ ተኝቶ የተሻገረ፣ ውኃውን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ እሷ ስቃ እስክትጠግብ የጠበቀ ሰው አድርጌ ነው። በሕይወት እስካለሁ በዚህ አስብሃለሁ፤ ከፊተኛው ይልቅ ይህኛውን እወደዋለሁ።

የምጠይቅህም ይህን ነው፤ በሕልሟ ና፤ ከመሐላዋ ፍታት። ወደ እኔ አትምጣ፤ እኔ ሕልሜንም ስለምጠረጥር ሳትጨርስ እነቃብሃለሁ። ወደ እሷ ሂድ። ከኋላው አልጋ ተነሥተህ ከፊት፣ አጠገቧ ተቀመጥ፤ «ተናገሪ» በላት። የምጠብቅህ እስከ ቡሄ ዋዜማ ድረስ ነው። እስከዚያ እማዬ ካልተናገረች ዝምታህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ፣ የቡሄ ዕለት ጠዋት ይህን ደብዳቤ ለዳዊት በእጁ እሰጠዋለሁ። የማለችው እሷ ናት፤ እኔ አልማልኩም።

ልጅህ ሕሊና
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በፍልሰታ መግቢያ